አባትህ የሚጠብቅበት የበረዶ አዳራሽ

ልጄ ጉንቲስ፣ በሄድክበት ሁሉ እግዚአብሔር ጥላ ከለላ ይሁንህ፤ ከሰው ፊት አያቁምህ። እኔ ከወገቤ ሕመም በቀር ደህና ነኝ። ሪጋ ገና ከቀትር በኋላ ይጨልምባታል። ሹራቡ ደረሰህ? አየርላንድ እርጥብ ነው ይላሉና ሳትለብሰው እንዳትወጣ።

በልጅነትህ በረኛ ሆነህ የተጫወትክበት የበረዶ ሆኪ አዳራሽ ተዘጋ። ጣሪያው ስላረጀ ሊያፈርሱት ነው። ለአባትህ ደጋግሜ ብነግረውም አእምሮው አይይዝለትም፤ የመርሳት ሕመሙ ብሶበታል። ቅዳሜ ከቤት ጠፋብኝ። ስፈልገው የአዳራሹ ጥበቃ ጂንትራ ደወለችልኝ።

"እትዬ ሊጋ፣ ጋሽ አርቪድስ እዚህ ናቸው። ብርድ ላይ ቆመው ሳያቸው አላስችል ብሎኝ አስገባኋቸው።"

ስደርስ ከባዶው መቀመጫ መሃል ብቻውን ተቀምጧል። የመጫወቻው በረዶ ቀልጦ ከሥሩ ያለው ሲሚንቶ ወጥቷል።

"ተነስ እንጂ አርቪድስ፣ ቤታችን እንግባ" አልኩት።

"ልጄ ልምምድ ላይ ነው። እሱ ሳይወጣ የት እሄዳለሁ?" አለኝ። ከዚያ ፊቴን ትኩር ብሎ አየና፣ "እርስዎም ልጅ እየጠበቁ ነው?" ሲል ጠየቀኝ።

ስንት ዘመን አብረን ኖረን አንቱ አለኝ፣ ልጄ።

"አዎ፣ እየጠበቅኩ ነው" ብዬ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ጂንትራ መብራቱን እስክታጠፋ ድረስ ሁለታችንም ጠበቅንህ።

ሥራህን ጥለህ ና አልልህም። ፈቃድ ስታገኝ ግን ብቅ በል፤ አባትህ ያንተን ስም ገና አልረሳም። የወጣህበትን ደጅ በሰላም ያስረግጥህ።

እናትህ ሊጋ