በስድስት ሰዓት የዘገየው ጭንቀቴ

ተክሌ፣ የኔ ጌታ፣ የምንታምር አባት፤

እንደምን ሰንብተሃል እንዳልልህ፣ ያለህበት ቦታ ደኅና መሆኑን መምሬ በየሰንበቱ ይነግሩኛል፤ እኔም ይሁን ብዬ ተቀብያለሁ። ከተለያየን ይኸው ኅዳር ሲመጣ አራት ዓመት ይሞላናል። እኛ ደኅና ነን። ከቤታችን በስተምሥራቅ ባለ ሁለት ፎቅ ተሠርቶ የጠዋት ፀሐያችንን ወስዶብናል። አሁን ፀሐይ ግቢያችን የምትደርሰው ረፋድ ላይ ነው፤ በደብረ ብርሃን ብርድ ይኼ ምን ማለት እንደሆነ ላንተ አልነግርህም። ጋቢህን እኔ እየለበስኩት ነው። አትቆጣ፤ ሳጥን ውስጥ ሆኖ ብል ከሚበላው ብዬ ነው።

ዛሬ የምጽፍልህ ግን ስለ ጋቢ አይደለም። የማልኩልህን አፍርሻለሁ፤ ከሰው ከምትሰማው ከኔው ስማው ብዬ ነው።

ልትለየኝ ሁለት ቀን ሲቀርህ እጄን ይዘህ ያልከኝን ታስታውሳለህ መቼም። ሌላው ባል ቤቱን አደራ ይላል፣ ከብቱን አደራ ይላል። አንተ ግን «ምንታምርን ውኃ አጠገብ እንዳታደርሻት» አልከኝ። እኔም በዚያ ሰዓት ምን ልበል፣ ማልኩልህ። አልፈርድብህም። ልጅ ሆነህ የበሬሳ ወንዝ ሞልቶ የቤታችሁን አህያ ከነጭነቷ ሲወስዳት ቆመህ አይተሃል። ከዚያ ወዲህ ከውኃ ጋር እንደተኳረፋችሁ ኖራችሁ። ጥምቀት ላይ ጸበል ሲረጭ ጃንጥላ የሚዘረጋ ክርስቲያን ካንተ በቀር አላየሁም። አንድ ዓመትማ መምሬ ሆን ብለው ወዳንተ ሲረጩ፣ ወደ ኋላ ስታፈገፍግ ሄደህ ሄደህ ጎረቤታችን እትዬ ጌጤ ጭን ላይ ቁጭ አልክ። እስከ ዛሬ ያነሡታል። «ተክሌ ነፍሱን ይማረውና ከባድ ሰው ነበር» ይላሉ።

እንግዲህ የዚህ ሰው ልጅ የት ብትገባ ጥሩ ነው? ዛንዚባር! በአራት አቅጣጫው ባሕር የሆነ ደሴት ላይ። የምግብ ዝግጅት የተማረች ጊዜ አብራት የነበረች ልጅ ሆቴል ውስጥ ሥራ አገኘችላትና ሄደች። ስትሄድ «ወጥ ቤት ነው የምሠራው፤ ባሕሩን በመስኮት ነው የማየው» አለችኝ። በመስኮት ማየትና አጠገብ መድረስ ይለያያል ብዬ መሐላዬን በዚያ አጽናናሁት።

ለሁለተኛ ዓመት መታሰቢያህ ስትመጣ ጉዱን አወጣችው። የሆቴሉ ልጆች ማዕበል ላይ መቆም አስተምረዋታል። ሰርፍ ይሉታል። ከሰው ቁመት የሚበልጥ ሰሌዳ ይዘው ወደ ባሕሩ ይገቡና፣ ማዕበሉ ሲነሣ ሰሌዳው ላይ ዘለው ቆመው እየጋለቡት ይመጣሉ። እግሯን እንኳ በለብ ያለ ውኃ ካልሆነ የማትታጠብ የደብረ ብርሃን ልጅ! ጮኽኩ፣ ደረቴን ደቃሁ፣ ያንተን ስም ጠራሁ። ስጨርስ ስልኬን ተቀበለችኝና አንድ ነገር ጫነችልኝ። «እማዬ፣ ዝም ብለሽ ከምትፈሪ እያየሽ ፍሪ» አለችኝ።

የማዕበልና የነፋስ ትንበያ ነው። ልጅህ የምትገባበትን ቦታ ስም ነክተህ ስትከፍተው ሁሉን ነገር ይዘረዝርልሃል፤ ማዕበሉ ስንት ሜትር እንደሚሆን፣ አንዱ አንዱን በስንት ሰከንድ እንደሚከተለው፣ ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ፣ ውኃው መቼ እንደሚሞላና መቼ እንደሚጎድል። ቀኑ ጥሩ ከሆነ ኮከብም ይሰጠዋል። መጀመሪያ ኮከቡን የአደጋ ምልክት መስሎኝ አራት ኮከብ ባየሁ ቁጥር ምሳ አልበላልኝ ይል ነበር። ኮከብ የሌለው ቀን ግን እሰይ ብዬ ውዬ፣ ኋላ ስሰማ ያን ቀን ባሕሩ እንደተቆጣ ነው የዋለው።

ቦታው ሪፍ የሚሉት ነው። ከውኃው ሥር ኮራል የሚሉት ስለታም የባሕር ድንጋይ አለ። ይኼንን ስትነግረኝ አልገባኝም ነበር፤ ኋላ አንኮበርን አሰብኩና ገባኝ። ከአሊዩ አምባ በኩል የሚመጣው ነፋስ ቆላው ላይ ሳለ ድምፁ አይሰማም፣ ገደሉን ሲነካ ግን ቀጥ ብሎ ይነሣና ነጠላህን ይገፍፍሃል አይደል? ማዕበሉም እንደዚያ ነው። ከጥልቁ ዝም ብሎ ይመጣና ድንጋዩን ሲነካ ይነሣል። ውኃው ሞልቶ ከሆነ ድንጋዩ ከሥር ርቆ ይቀራል፤ ጎድሎ ከሆነ ግን የወደቀ ሰው ቆዳውን ድንጋዩ ላይ ትቶ ይወጣል። ይኼ ሁሉ የገባኝ መሆኔ ራሴንም ይገርመኛል፤ ስድስተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት።

ነፋሱንማ ካንተው ጋር ሃያ ዓመት አውድማ ላይ ቆሜ ተምሬዋለሁ። ወንድምህ ዘንድ ገብሱ ተወቅቶ ነፋስ ስንጠብቅ፣ ጣትህን ምራቅ አስነክተህ ወደ ላይ ትቀስርና «ይኸው መጣ፣ ተነሡ!» ትላለህ። ሰው ሁሉ መንሹን ይዞ ይነሣል። አይመጣም። ሰው ሁሉ ይቀመጣል። ምሳ ቀርቦ ገና አንድ ጉርሻ ሳንጎርስ ይመጣና እብቁን ሰብስቦ ወጡ ላይ ያራግፈዋል። አንተም ከነእብቁ እየጎረስክ «አልኳችሁ አይደል?» ትላለህ። ይኼ የዛንዚባሩ ስልክም ካንተ የሚሻለው ኮከብ በማብዛቱ ብቻ ነው።

አሁን ደግሞ የሠራሁትን ጅልነት ስማ፤ ሳቅ ከተፈቀደላችሁም ሳቅ። ስልኬ ፊቱ ላይ የሚያሳየኝ በሐበሻ ሰዓት ነው፤ ምንታምር ናት ያስተካከለችልኝ። ትንበያውም እንደዚያው መስሎኝ «በስድስት ሰዓት ማዕበሉ ሁለት ሜትር» ሲለኝ፣ እኩለ ቀን ሲሆን ግቢ ወጥቼ ወደ ምሥራቅ ዞሬ እቆማለሁ። ያ ፎቅ ተደቅኖብኝ የማየው የሰው ማጀት ነው፤ ቢሆንም ባሕሩ ከኋላው አለ ብዬ እጄን ዘርግቼ እለምናለሁ። አንድ ቀን የፎቁ ሴትዮ በመስኮት «ምን ፈለግሽ እማማ?» አለችኝ። ለካ ትንበያው በፈረንጅ ነው የሚቆጥረው! የሱ ስድስት የኛ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ነው። እኔ ጸሎት ስጀምር ልጅህ ከባሕሩ ወጥታ፣ ታጥባ፣ ቁርሷን በልታ፣ የሆቴሉን ሽንኩርት እየከተፈች ነው።

አሥራ ሦስት ሰዓትና አሥራ አራት ሰዓት የሚልም ነበረው። እሱንስ እንዴት ዝም አልሽው ትለኝ ይሆናል። ባሕሩ ሰፊ ስለሆነ ቀኑም ይረዝምለታል ብዬ ነዋ!

የነቃችብኝ እሷው ናት። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው፤ «አሁኑኑ ውጪ፣ ነፋሱ ሊዞር ነው!» ብዬ ደውዬ ብጮህ፣ «ከየት ልውጣ እማዬ? ከሽሮው?» አለችኝ። ነገሩን ጠይቃ ስትረዳ የሳቀችውን ሳቅ ከወለድኳት አልሰማሁትም። «በቃ፣ ክረምቱን ሙሉ ስድስት ሰዓት እየዘገየሽ ነው የተጨነቅሽልኝ» አለችኝ። ደግሞ እኮ የዛንዚባር ሰዎች ሰዓት የሚቆጥሩት እንደኛው ነው አሉ፤ ጠዋት አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት እያሉ። እንግዲያ እኔ ምን አጠፋሁ? ያጠፋው ስልኩ ነው። ያ ሁሉ ጸሎት ባክኖ እንዳይሆን መምሬን ጠየቅኳቸው። «የዛሬው ቢዘገይ ለነገው ቀድሞ ይደርሳል» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ እሳቸውም ባገኙኝ ቁጥር «ማዕበሉ ስንት ገባ?» ሳይሉኝ አያልፉም።

እንዲህ እየሳቅኩ መሐላዬን ረስቼው የከረምኩ እንዳይመስልህ። መሐላዬ ከሳቁ ሥር ነበረ። ባለፈው ወር ግን ብቅ አለ።

ሆቴሉ እንግዶቹን ሰርፍ የሚያስተምር ሰው ሊቀጥር ፈተና አወጣ። ምንታምርም ገባችበት። የወጥ ቤቱ ውሏ በዚያው ወር ያበቃ ነበር። ካለፈች ሁለት ዓመት ትቀመጣለች፣ ከወደቀች ጓዟን ይዛ ወደ እኔ ትመጣለች። ፈተናው ደግሞ ሁለት ጀማሪዎችን በጀልባ ወደ ሪፉ ወስዶ በደኅና መመለስ ነው። የምትገባበትን ሰዓት በዋዜማው ራሷ መርጣ ማስመዝገብ አለባት፤ አንዴ ከተመዘገበ መቀየር የለም።

በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ደወለች። ትንበያው ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ አራት ኮከብ ሰጥቷል፤ ሌሎቹ ተፈታኞችም ያንኑ መርጠዋል። እሷ ግን «አንቺ ምን ትያለሽ?» አለችኝ፣ እኔን። ነገሩ ወዲህ ነው። በየቀኑ ከባሕር ስትወጣ እንዴት እንደነበር ትነግረኛለች። እሷ ነግራኝ ትረሳዋለች፤ እኔ ግን ብቻዬን ቤት ተቀምጬ ሌላ ምን የማስታውሰው አለኝ? በዚያ ወር ነፋሱ ስልኩ ከሚለው አንድ ሰዓት ቀድሞ እንደሚመጣ ልብ ብዬዋለሁ። ሦስት ሰዓት ላይ ብትገባ ውኃው ሞልቶ፣ ነፋሱም ገና ተኝቶ ታገኘዋለች። አራት ሰዓት ካለች ግን ጀማሪ ይዛ ከነፋስ ጋር ልትታገል ነው።

ተክሌ፣ ይኼንን ሁሉ አውቄ «ነገ ቀኑን ሙሉ አይሆንም፤ ይቅርብሽ» አልኳት።

ፈርቼላት ብቻ አይደለም። እንድትመጣልኝ ነው። የሚጠራኝ ሰው በሌለበት ቤት ጋቢህን ተከናንቤ መዋል ሰልችቶኝ ነው። መሐላውንም እንደ ምክንያት ያዝኩት፤ ይኸው ያልከኝን ፈጸምኩ አልኩ በሆዴ። እሷ «እሺ እማዬ» ብላ ዘጋችው። ብትከራከረኝ ይሻለኝ ነበር። የታጠበውን ሳህን እንደገና አጠብኩት። ከዚያ አንተ ትዝ አልከኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ ነፋሱን ስትስተው አይቻለሁ፤ አንድ ቀን ግን ለራስህ እንዲመችህ ብለህ ሌላ ነገር ስትናገር አልሰማሁህም። ወንድምህ እንኳ «ተክሌ ይሳሳታል እንጂ አያታልልም» ይል ነበር።

መልሼ ደወልኩ። አልሠራ ብሎ፣ በስንት መከራ በአራተኛው ገባ። «ዋሽቼሻለሁ» አልኳት። «አውቃለሁ» አለችኝ። «አውቀሽ ነው ዝም ያልሽኝ?» ብላት፣ «እስክትደውይ እየጠበቅኩሽ ነበር» አለች። የማን ልጅ እንደሆነች አላውቅም፤ እኔ እንዲህ ያለ ትዕግሥት የለኝ፣ አንተም አልነበረህም። ከዚያ ሦስት ሰዓት ላይ ግቢ አልኳት። «በኛ ነው በፈረንጅ?» አለች። «በኛ! በኛ! በጠዋቱ!» ብዬ ስጮህ እትዬ ጌጤ የሆነ ሰው የሞተ መስሏቸው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ።

በማግስቱ ከእትዬ ጌጤ ጋር ስልኩን መሃል አድርገን ተቀመጥን። ቁጥር እንጂ ሌላ ነገር እንደማያሳይ ብነግራቸውም አልሰሙኝም። መነጽራቸውን አድርገው፣ ጣታቸውን ነፋሱ ላይ አስቀምጠው «ይቺ ናት? አሁን የት ደረሰች?» ይሉኛል። አራት ሰዓት ሆነ፣ አልደወለችም። አራት ተኩል ሆነ። እትዬ ጌጤ መጠየቁን ትተው መነጽራቸውን መጥረግ ጀመሩ። አምስት ሰዓት ሊሆን ሲል ጠራ።

አለፈች። ሁለቱንም ጀማሪዎች በደኅና መልሳለች፤ ጉልበቷ ብቻ ጀልባው ላይ ስትወጣ ተላጠ። አራት ሰዓት የመረጡት ነፋሱ ደርሶባቸው ከመንገድ ተመለሱ። ማዕበል ላይ ቆማ የተነሣችውን ቪዲዮ ላከችልኝ። ቆጠርኩት፤ ዘጠኝ ሰከንድ ቆማለች፣ እጇን ዘርግታ፣ አፏን ከፍታ እየሳቀች። እትዬ ጌጤ እልል አሉ። እኔ ብቻዬን ስሆን ነው ያለቀስኩት፤ ስለማትመጣም፣ ደስ ስላለኝም፣ ሁለቱን መለየት አቃተኝ።

እንግዲህ ጌታዬ፣ ነገሩ ይኼ ነው። ልጅህን ውኃ አጠገብ ማድረስ ብቻ ሳይሆን፣ የምትገባበትን ሰዓት ቆርጬ የሰጠኋት እኔ ነኝ። ይቅር በለኝ እልሃለሁ፤ ግን ነገም ብትጠይቀኝ እውነቱን ነው የምነግራት። አደራህን የሰጠኸኝ ወደሃት ነው። እኔም ወድጃት አፈረስኩት። አንድ ቀን ስንገናኝ እንከራከርበታለን፤ ጊዜው ይኖረናል መሰለኝ።

ፍርሃትህን ለልጅህ አላወርሳትም፣ እዚሁ ከኔ ጋር ይቅር። አንተን ግን አወርሳታለሁ። በደወለች ቁጥር አንድ አንድ ነገርህን እነግራታለሁ፤ አሳሳቅህን፣ ስትቆጣ ጆሮህ የሚቀላውን፣ የተወለደች ዕለት ስም አጥተህላት ስትንቆራጠጥ መሽቶብህ፣ አይተሃት «ምን ታምር!» ብለህ የቀረኸውን። እኔ የማውቀው አልቆ እሷ በቃሏ እስክትመልስልኝ ድረስ አላቆምም።

ሚስትህ አስካለ
ከደብረ ብርሃን