«ወንድሜ» ብላ ያቆመችው ተማሪ

ልጄ የኋላሸት፣

ያለህበት አገር አየሩም ሰዉም ይስማማህ፤ ከክፉ ሁሉ ይሰውርህ። እኛ ደህና ነን። የጅግጅጋ ነፋስ ብሶበታል፣ አቧራው ክፍል ድረስ ይገባል። አባትህ ከደገሀቡር ትናንት ተመለሰ፤ ጉልበቱን ያመዋል።

እኔ ግን በአንተ ተናድጃለሁ። ወሩን ሙሉ የላክህልኝ «ደህና»፣ «ሥራ»፣ «በኋላ» ብቻ ነው። እናትህ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ናት! ማን ምን እንዳደረገ ካልተናገረ ዓረፍተ ነገር አይሞላም እያልኩ አይደል ያሳደግኩህ?

ሰኞ ተማሪዎቼን ስለ ቤተሰባችሁ በእንግሊዝኛ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ጻፉ አልኳቸው። ላዳን የምትባል ጎበዝ ተማሪዬ «ወንድሜ» ብላ አቆመች።

«ጨርሺው እንጂ! ወንድምሽ ምን አደረገ?» ብዬ ጮህኩባት።

«ቲቸር፣ በተህሪብ፣ በድብቅ ስደት፣ ባሕር ሊሻገር ወጣ። ከዚያ ወዲህ ድምፁ ጠፋ። ምን ብዬ ልጨርሰው?» አለችኝ።

እሷስ የምትጨርስበት አጥታ ነው። አንተ ስልክ በእጅህ፣ ጤና በአካልህ እያለ ምን ሆነህ ነው በቁራጭ ቃል የምታንገላታኝ?

እግዚአብሔር መንገድህን ያቅናልህ። እባክህ ልጄ፣ የበላኸውንም ቢሆን በሙሉ ዓረፍተ ነገር ጻፍልኝ። ሰው ስለ አንተ ሲጠይቀኝ እኔም «ልጄ» ብዬ ዝም እንዳልል።

እናትህ ለተሥላሴ