ለጋሽ ጂራታ ያልደወልኩት ስልክ

ናዕማ፣

ውሃ ነገ ጠዋት ይመጣል፤ ጀሪካኖቹን መሙላት አትርሺ። ሽሮ ሠርቼልሻለሁ።

እኔ ጋሽ ጂራታ እርሻ ሄጃለሁ። እግራቸው እስኪድን እዚያው እያደርኩ ችግኙን አጠጣለሁ። መደቦቹን ገለባ የሚያለብስላቸውም ሰው የለም።

ሳምንቱን ሙሉ «የማጠጣት ተራዬ ነበር፤ ሄጄ ቢሆን አይወድቁም ነበር» እያልሽ ስታለቅሺ ዝም ብዬ ሰማሁሽ። ያን ቅዳሜ «ዛሬ እርሻው አልሄድም፣ ሌላ በጎ ፈቃደኛ እንዲፈልጉ ደውዪላቸው» ብለሽኝ ነበር።

ረሳሁት።

ከሰዓት በኋላ «ደወልሽ?» ስትዪኝ «አዎ» አልኩሽ። እሳቸው እስከ ስድስት ሰዓት ጠብቀውሽ፣ ችግኙ ሲጠወልግባቸው በዚያ ዕድሜያቸው ባልዲ ይዘው ወደ ጉድጓዱ ወረዱ። የወደቁት ሲመለሱ ነው።

ሆስፒታል ስጠይቃቸው «ናዕማ ምነው ቀረች? ደህና ናት?» አሉኝ። «እንጃ» አልኳቸው። ከዚያ ወዲህ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ሥራ እገባለሁ፤ ምንም አይሰማኝም። እንባ እንኳ አልመጣልኝም።

አንቺ ያን ቀን የት እንደነበርሽ አልጠይቅሽም።

በረንዳው ላይ ያሉትን የቃሪያ ችግኞች ከቀትር ፀሐይ ዞር አድርጊያቸው።

ለእሳቸው ዛሬ ፊት ለፊት እነግራቸዋለሁ። አንቺን ግን ዓይንሽን እያየሁ መናገር አቃተኝ።

ጋዲሴ