ሁለት ማመልከቻ፣ አንድ ስም

ሰኞ፣ ኅዳር 2 ቀን 1989 ዓ.ም.

ዛሬም ወደ ላይኛው ከተማ፣ ሴቻ፣ ወጥቼ የማስታወቂያ ሰሌዳዎቹን ዞርኩ። ሦስተኛ ሳምንቴ። ዛሬ ግን አለ! በአንድ መ/ቤት ሁለት ክፍት ቦታ። ታይፒስት አንድ፣ የንብረት ክፍል ጸሐፊ አንድ። ሁለቱንም አሟላለሁ። 12ኛን ጨርሻለሁ፣ የታይፕ ሰርተፊኬት አለኝ፣ ት/ቤት ንብረት ክፍል ሁለት ዓመት በኮንትራት ሠርቻለሁ። ኮንትራቱ ክረምት ላይ አለቀ። ከዚያ ወዲህ ምንም።

መዝገብ ቤት ያሉትን ሽማግሌ፣ አቶ ጦናን፣ አንድ ሰው ለሁለቱም ማመልከት ይችላል ወይ አልኳቸው። የሚከለክል የለም አሉኝ። ግን ፈገግ አሉ። ምን ያስቃል?

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3

ሁለቱንም ጻፍኩ። አንዱ ላይ «ከልጅነቴ ጀምሮ የምወደው ሙያ ታይፕ ነው» ይላል። ሌላው ላይ የምወደው ሙያ ንብረት አያያዝ ሆኗል። አንድ ሰው ጎን ለጎን ቢያያቸው አፍራለሁ። ደብተር፣ ለአንቺ እውነቱን ልንገርሽ፣ የምወደው ደመወዝ ነው።

ብርቱካን አንብባ በሳቅ ሞተች። እዚህ ታችኛው ከተማ፣ ሲቀላ፣ አንድ ክፍል ተከራይተን አብረን ከኖርን ሁለተኛ ዓመታችን ነው። እሷም ታመለክታለች፣ ለታይፒስቱ ብቻ።

«አንዷን እንኳ ለእኔ ብትተዪልኝ ምናለ?» አለችኝ።

ሳቅኩ። አሁን ሳስበው ቀልድ አልመሰለኝም።

ዓርብ፣ ኅዳር 6

ወባ። ከትናንት ጀምሮ። ሦስት ብርድ ልብስ ደርቤም እንቀጠቀጣለሁ። ምዝገባው ደግሞ ዛሬ ያበቃል። ሁለቱንም ፖስታ ለብ. ሰጠኋት፣ ከራሷ ጋር ይዛ ሄደች። ሌላ ምን አደርጋለሁ?

8 ሰዓት ተመለሰች። ሁለቱንም ሰጥቻለሁ አለች። ደረሰኝስ? አይሰጡም። ማን ተቀበለሽ? አቶ ጦና። ሁለቱንም? ሦስት ጊዜ ስጠይቃት ፊቷ ተለዋወጠ። «ታዲያ ራስሽ አትወስጂውም ነበር!» አለችና መድኃኒቴን ልትገዛ ወጣች።

ሰው እውነት ሲናገር እንዲህ ይቆጣል?

ረቡዕ፣ ኅዳር 11

የተፈታኞች ዝርዝር ተለጠፈ። ለንብረት ክፍል ስሜ አለ። ለታይፒስት የለም። በጣቴ እየነካሁ ሁለቴ አነበብኩ። የለም። የብ. ስም ግን አለ፣ ከላይ ሁለተኛ።

ስነግራት ቶሎ ብላ፣ አንዱን ብቻ ተቀብለው ይሆናል አለች። በጣም ቶሎ። አስባ የመጣች ትመስላለች።

ሐሙስ፣ ኅዳር 12

ሚካኤል ነው። ብ. ቤተ ክርስቲያን ሄደች። እኔ ጴንጤ ነኝ፣ ቤት ቀረሁ። ቀርቼ ያደረግኩትን ግን ጌታም አይወደውም። ሻንጣዋን በረበርኩ። ሁለት ቀሚስ፣ ነጠላ፣ የሰርተፊኬት ኮፒ። ፍራሹን አነሳሁ። የእኔ ፖስታ የለም። ላፍር ሲገባኝ፣ የለም ማለት ጥላዋለች ማለት ነው ብዬ ቁጭ አልኩ።

ከዚያ ወረቀት አወጣሁ። ጽሕፈቴ እንዳይታወቅ በግራ እጄ። ብርቱካን የሌላ አመልካች ማመልከቻ አጥፍታለችና ለፈተና መቅረብ የለባትም ብዬ ጻፍኩ፣ ከነሙሉ ስሟ። የእኔን ስም አልጻፍኩም።

ዓርብ፣ ኅዳር 13

የመ/ቤቱ የአስተያየት ሳጥን ውስጥ ከተትኩት። ማንም አላየኝም። ጥበቃው ግን ሰላም አለኝ። ለምን?

ሰኞ፣ ኅዳር 16

አባቴ ትናንት ከተራራው መንደራችን፣ ከኦቾሎ፣ የሸመነውን ይዞ ወረደ። ለገበያ። እኛ ዘንድ አደረ። ብ. አልጋዋን ለቀቀችለትና ከእኔ ጋር መሬት ተኛች። ጠዋት አባቴ መረቃት። እህትሽ ናት አለኝ በጋሞኛ። ይሄ ሁሉ ደግነት ከምን መጣ አልኩ በሆዴ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 17፣ ወደ 11 ሰዓት

ደብተር፣ ስሚኝ።

አቶ ጦና ዘንድ ሄጄ ስሜ ለምን ቀረ አልኩ። ፋይሌን አወጡ። ሁለቱም ማመልከቻ እዚያው! አንዱ ባንዱ ላይ በስፒል ተያይዟል።

«አንድ ስም ሳይ ድጋሚ የገባ መስሎኝ ነው» አሉ። «ጥፋቱ የኔ ነው፣ አስቴር። ጓደኛሽማ ሁለት ናቸው፣ እንዳይቀላቀሉብኝ ብላ አደራ ብላኝ ነበር።»

እዚያው ዝርዝሩ ላይ ስሜን በእስክሪብቶ ጨመሩ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ በብርቱካን ላይ ጥቆማ ደርሷል፣ ምን እንደሚል እኔም አላየሁም፣ ነገ 3 ሰዓት ኃላፊው ይጠሯታል፣ ከሐሙሱ ፈተና ሳይሰርዟት አይቀሩም አሉኝ። ማን ይሆን እንዲህ ያለ ሰው? ብለው ጠየቁኝ።

ፋይሉ እጃቸው ላይ ነበር፣ ምስክርም እሳቸው ነበሩ። አንድ ቃል ብናገር ያልቅ ነበር። አልተናገርኩም። አመሰግናለሁ ብዬ ወጣሁ። ታክሲ አልያዝኩም፣ ቁልቁለቱን በእግሬ ወረድኩ።

ቤት ስደርስ የመጥሪያውን ወረቀት ይዛ ተቀምጣለች።

«ማንን በድዬ ነው?» አለችኝ። «አንቺ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

እንዲህ አልኳት። ዓይኗን እያየሁ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 18፣ ጠዋት 2 ሰዓት

ነገርኳት። ፀጉሯን እያበጠረች ነበር። ሁሉንም፣ ሻንጣዋንም ጭምር። ማበጠሪያው እጇ ላይ ቀረ።

«ብትጠይቂኝ ምን ነበረበት?»

«ጠይቄሽ ነበር። አላመንኩሽም።»

አላለቀሰችም፣ አልሰደበችኝም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ነጠላዋን አነሳች፣ ያን መጥሪያ አጣጥፋ ያዘች፣ ወጣች። በሩን አልዘጋችውም።

እሄዳለሁ። ኃላፊው ፊት ቆሜ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ አቶ ጦናን ጠይቋቸው እላለሁ። ከሁለቱም ዝርዝር ይሰርዙኝ ይሆናል። ይሰርዙኝ። አባቴ ምን ይል ይሆን? እሱንም ራሴ እነግረዋለሁ፣ ከሌላ ሰው አይሰማም።

ጫማዬን አድርጌያለሁ። የታክሲው ረዳት ሴቻ፣ ሴቻ እያለ ይጮሃል። በመስኮት አየኋት። ታክሲው አጠገብ ቆማለች፣ አልገባችም። እኔን እየጠበቀች ይሁን አይሁን አላውቅም። ልወጣ ነው።