ያስተካከልኩት መልስ

እሑድ፣ ከሰዓት በኋላ

የጧቱ ሚሽሜሬት፣ የሥራ ፈረቃዬ፣ አለቀ። እግሬ አብጧል። 6 ታማሚ አጠብኩ፣ 2 ወደ ፊዚዮቴራፒ አወረድኩ። ከዚያ ዶ/ሩ ጠራኝ፤ አዲሷን ታማሚ አስተርጉሚልኝ አለ። ከነርሶቹ አማርኛ የምችለው እኔ ብቻ ነኝ።

እማማ ጥሩወርቅ ናቸው። ዳሌያቸው ተሰብሮ፣ ኦፕራሲዮን ተደርገው፣ ለማገገም ሐሙስ እኛ ጋ መጡ። ጎንደር ውስጥ፣ የተጓዦች ስም በሚጠራበት ግቢ፣ ወደ እስራኤል ለመምጣት ተራ ስንጠብቅ ጎረቤታችን ነበሩ። በልጅነቴ ያውቁኛል።

ዶ/ሩ የት እንዳሉ ጠየቃቸው። «ግቢው ውስጥ ነና፣ ልጄ። ዛሬ ስም ይጠራል» አሉኝ። የሳምንቱን ቀናት ወደ ኋላ ይቁጠሩ ተባሉ። ቅዳሜ፣ ዓርብ... ብለው ቆሙ፤ ጣሪያውን አዩ። ከዶ/ሩ ጀርባ ሁለት ተማሪዎች ቆመዋል። አንዱ ፈገግ አለ። ወይም መሰለኝ።

ሆስፒታል እንዳሉ ያውቃሉ፣ ቀናቱንም በትክክል ቆጠሩ ብዬ በዕብራይስጥ ተረጎምኩ። ጻፈና ሄደ።

እንዳይሳቅባቸው ነው። የእናንተ ሽማግሌዎች ዕድሜያቸውን እንኳ አያውቁም ሲባል ስንቴ ሰምቻለሁ። አንተ ግን ማስታወሻ ነህ፤ ላንተ ምን ብዬ ላስተካክል?

ሰኞ፣ ማታ

እማማ የበሉት ሁለት ማንኪያ ሾርባ ብቻ። ቀኑን ሙሉ ያንቀላፋሉ። አንሶላውን ይቆነጥራሉ። ተረኛዋ ነርስ አታስቸግርም፣ ጎበዝ ናት አለችኝ። እኔም «ተረጋግተው ተኝተዋል» ብዬ መዘገብኩ።

ተምሬዋለሁ እኮ። የሰው አእምሮ በድንገት ሲምታታ፣ አንዴ ደህና አንዴ ሌላ ሲሆን፣ ዴሊሪየም ነው። ከሥሩ ሌላ ሕመም አለ፤ ቶሎ ይፈለጋል። የሚያመልጠን ደግሞ የሚጮኸው ሳይሆን ዝም የሚለው ነው። ይህን እያወቅሁ ደክሟቸው ነው አልኩ።

ማክሰኞ፣ ማታ

ልጃቸው ማሪቱ ከፋብሪካ በቀጥታ፣ የሥራ ልብሷን ሳታወልቅ መጣች። እጃቸውን ይዛ ብዙ ቆየች። «ይቺ የኔ እናት አይደለችም» አለች። «ባለፈው ሳምንት የልጆቼን ፈተና ቀን የምታስታውሰኝ እሷ ነበረች። ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሆነችው?»

ዶ/ሩን እጠይቃለሁ አልኩና ወጣሁ። አልጠየቅሁም። የመድኃኒት ጋሪ ገፋሁ።

ማሪቱ ውኃ ልታመጣ ስትወጣ እማማ ስሜ ተጠራ ብለው ከአልጋ ወረዱ። ወደቁ። የግራ እጃቸው አንጓ ተሰበረ።

ዋናዋ ነርስ ሪቭካ እየሮጠች መጣች። ዶ/ሩ ጥያቄዎቹን ደገመ። አሁን ያሉትን ሁሉ እንዳለ ተረጎምኩ። ሲመረመሩ ሽንታቸው ታግዶ ፊኛቸው ተወጥሯል፤ ኢንፌክሽንም አለ። ሽንቱ በቱቦ ወጣ፣ አንቲባዮቲክ ተጀመረ፣ ማታ ማታ ይሰጣቸው የነበረው የእንቅልፍ ክኒን ቆመ። መነጽራቸውና የጆሮ መስሚያቸው ከሐሙስ ጀምሮ በቦርሳቸው ውስጥ ነበሩ። ማንም አላወጣላቸውም። እኔም።

እሑድ ዕለት እውነቱን ብናገር ኖሮ እሑድ ይመረመሩ ነበር።

ሐሙስ

ነቅተዋል። ማሪቱ ፈቃድ ወስዳ አጠገባቸው ነች። የታሰረ እጃቸውን አይተው ምን ሆኜ ነው አሉ። ወድቀው ነው አልኳቸው። «አስቸገርኳችሁ፣ ልጄ። ይቅር በይኝ» አሉ። ትራስ የማስተካክል መስዬ ፊቴን አዞርኩ።

ማሪቱ ደግሞ የኛ ሰው ባይኖር ምን እንሆን ነበር እያለች ለሁሉም ታመሰግነኛለች።

ዓርብ፣ ጧት

ለሪቭካ በሩን ዘግቼ ነገርኳት። እንዲህ ያለ ምርመራ ላይ ባለሙያ አስተርጓሚ በስልክ መጥራት ነበረብን፣ ጥፋቱ ያንቺ ብቻ አይደለም አለች። ከዚያ ወረቀት ሰጠችኝ፤ ያደረግሽውን ሁሉ ጻፊ። ጻፍኩ። አልቀለለኝም።

ለቤተሰቡ እኛ እንነግራለን፣ እሑድ ከዶ/ሩ ጋር አለች። እሑድ ሩቅ ነው አልኩ። ማሪቱ ያንን ሁሉ ምስጋና ይዛ ሰንበትን ልትውል ነው። እኔ ልንገራት አልኳት። አሰበችና አብሬሽ እገባለሁ አለች።

ማሪቱ ሦስት ሰዓት ላይ ትመጣለች። እማማም እየሰሙ እነግራታለሁ። ከእንግዲህ እናቴን አትንኪ ካለችኝ፣ ዛሬውኑ የሥራ ክፍል እቀይራለሁ።