ለሚካኤል የተገዛው ጥላ

መሓሪ፣

ከሆስፒታል ዲዩቲ ስትመለስ እንዳትፈልገኝ። ወደ ግራና፣ እናቴ ጋ ሄጃለሁ።

ሽሮው ድስቱ ውስጥ አለ። ውሃ ዛሬ ይመጣል ስላሉ ባልዲውን ቧንቧው ሥር አድርገው።

በቀደም በስልክ «እማማ የሺ፣ ልጅዎ ስፔሻሊቲ ገብቶልዎታል» ብለህ ያበሰርካት እናቴ፣ ለሚካኤል የተሳለችውን ጥላ ገዝታለች። ነገ ልታስገባ ነው፤ ጎረቤቱን ሁሉ ጠርታለች። የመግቢያ ፈተናው ላይ እንኳ እንዳልተቀመጥኩ አንተም ታውቃለህ፣ ሚካኤልም ያውቃል። የማታውቀው እሷ ብቻ ናት። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን ከመሄዷ በፊት ልነግራት ነው።

ከሰኞ ጀምሮ መርሳ ከተማ፣ የክትባት ፕሮጀክቱ ላይ ነኝ። «ሰባት ዓመት ተምረህ ፎርም ልትሞላ?» ያልከኝን አልረሳሁም። ሆስፒታልም እኮ ከበሽተኛው ይልቅ ፎርሙን ነበር የምናክመው።

ጋውኔ በሩ ጀርባ ተሰቅሏል። ያንተ ሲቆሽሽ ልበሰው፤ ደረቱ ላይ የተጠለፈውን ስሜን ግን ፍታው።

እናቴ ከደወለች አታንሳ። ደግ ስለሆንክ ፕሮፌሰር ታደርገኛለህ።

ደግሞ፣ ያን ቀን ስትዋሽላት አጠገብህ ተቀምጬ ነበር። ስልኩን ልቀበልህ እጄን ዘርግቼ ነበር። እልልታዋን ስሰማ እጄን መለስኩት።

ትንሳኤ