በአዲሱ መድኃኒት ደጅ ቀድመው የቆሙት እትዬ አቡጀዲ

ዛሬ የምንሸኛቸው፣ ደንበኞቻቸው «እትዬ አቡጀዲ» የሚሏቸው ልብስ ሰፊ፣ ከግንበኛ አባታቸውና ከቤት እመቤት እናታቸው በ1954 ዓ.ም. ተወለዱ። ሲወለዱ ከሲታ ስለነበሩ አዋላጇ «ይቺ አትከርምም» ብላ ነበር። አዋላጇ ከሞተች ብዙ ዘመኗ ነው።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ የቤቱ አቅም ከአንድ ልጅ በላይ አያስተምርም ነበር። ስለዚህ ታላቅ እህታቸው ቤት ቀርተው ውኃ እየቀዱ፣ እሳቸው ተማሩ። ታላቅየዋ በዚህ ተቆጭተው አያውቁም፤ ታናሽየዋም ዕድሉን አላባከኑትም። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሰው፣ የልብስ ስፌት ሙያ ተምረው፣ በ1975 ዓ.ም. የራሳቸውን ሱቅ ከፈቱ።

ሱቁ በእግር የሚረገጥ የስፌት መኪና፣ ረጅም ጠረጴዛና አንድ መስታወት ከያዘ በኋላ ለሰው መቆሚያ ብዙም አይተርፈውም ነበር። ቅጽል ስማቸውን ያገኙት እዚያ ነው። አዲስ ሞድ ሲታዘዙ በደንበኛ ጨርቅ ላይ መቀስ አያሳርፉም። መጀመሪያ በርካሽ አቡጀዲ ሰፍተው፣ አልብሰው፣ አዙረው አይተው፣ ያልሆነውን ተርትረው ነው ወደ ዋናው ጨርቅ የሚሄዱት። የቸኮለች ሙሽራ ስታኮርፍባቸው «ጨርቅሽን ካበላሸሁት በኋላ ይቅርታ አይለበስም» ይሏት ነበር።

በ1979 ዓ.ም. ከባለቤታቸው ጋር ትዳር መሠረቱ። ባለቤታቸው የቧንቧ ሠራተኛ ናቸው፤ የሱቁን ቧንቧ ሊጠግኑ መጥተው ወር ሙሉ ተመላለሱ። ቧንቧው የተጠገነው በመጀመሪያው ቀን ነበር። ዛሬ አስተማሪ የሆነች ሴት ልጅና መኪና ቀለም የሚቀባ ወንድ ልጅ አፍርተዋል።

በ2008 ዓ.ም. ልጃቸውን ሊድሩ ሽር ጉድ ሲሉ፣ ለራሳቸው ቀሚስ ልክ ሊወስዱ ሜትሩን በደረታቸው ሲያዞሩ እጃቸው እብጠት ላይ አረፈ። የጡት ካንሰር ነበር። ይህ ቃል በለቅሶ ላይ አይነበብ ያሉ ዘመዶች አሉ። ታላቅ እህታቸው አልሰሟቸውም፤ በሽታው ስም አለው፣ ስሙም ይኸው ነው። ጡታቸው በቀዶ ሕክምና ወጣ፣ ኬሞ ወሰዱ፣ ፀጉራቸው ረግፎ በቀለ፣ ወደ ስፌት መኪናቸውም ተመለሱ። በ2013 ዓ.ም. ግን በሽታው አጥንታቸው ውስጥ ተገኘ።

ያን ጊዜ ሐኪማቸው፣ ረጋ ያሉ ሴት ናቸው፣ ስለ አንድ አዲስ መድኃኒት ነገሯቸው። አይጦች ላይ ተሞክሮ ዕጢውን አሟሽሿል፤ ሰው ላይ ለመሞከር ግን ገና ፈቃድ አላገኘም። አብረው የሄዱት ታላቅ እህታቸው «እንግዲያው ወረፋው ላይ አይጥ እህቴን ቀደመቻት በሉኛ» አሉ። ሐኪሟ ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። እትዬ አቡጀዲ ግን ወደ ቤት ሲመለሱ «እታለም፣ አይጧ አቡጀዲ ናት። ተያቸው በደንብ ይሞክሩ» ብለው አስረዱ። በሳምንቱም ጨርቅ እየበሉ ዕድሜ ልካቸውን ያናደዷቸውን አይጦች ወጥመድ ከሱቁ አነሱ። ውለታው ብዙ አልቆየም፤ አንዲት አይጥ የሰው ኮት ገበር ቀድዳ በላች፣ ወጥመዱም ተመለሰ።

በሽታቸው እንደ ሐኪሞቹ የሚጠነቀቅ አልነበረም። ወገባቸው ጎበጠ፣ መርገጫው ከበዳቸው፤ ቢሆንም በቀጠሮ ቀን ሚዛን ላይ ሳይወጡ በፊት የሚጠይቁት አንድ ነገር ነበር፦ «ሰው ጋ ደረሰ?» ሦስት ዓመት «ገና ነው» ተባሉ። ጎረቤት «እንዴት ነሽ?» ሲላቸው «አይጦቹ ደህና ናቸው» እያሉ ይመልሱ ነበር።

በ2016 ዓ.ም. ፈቃዱ መጣ። ሐኪሟ ምንም አልሸፋፈኑም፦ የመጀመሪያዎቹ ሰዎች የሚወስዱት በጣም ትንሹን መጠን ነው፤ የሚታየው ይጎዳ እንደሆነ ነው፣ ያድናል ተብሎ አይጠበቅም። ታላቅ እህታቸው ተቆጡ። «ትንሹን ሌላ ይውሰድ፤ አንቺ ቆይተሽ ትልቁን ትወስጃለሽ» አሉ።

እሳቸውም «እታለም፣ ሁሉም ትልቁን ከጠበቀ ትንሹን ማን ይጀምረዋል? ትንሹ ካልተጀመረ እኮ ትልቁ አይመጣም» አሉ።

 የስምምነት ወረቀቱንም ከዳር እስከ ዳር አንብበው፣ ያልገባቸውን ጠይቀው ፈረሙ። መድኃኒቱ በደም ሥራቸው ሲገባ ታላቅየዋ እጃቸውን ይዘው ነበር።

መድኃኒቱ አልጎዳቸውም፤ አላዳናቸውምም። ከጥቂት ወራት በኋላ በሽታው ወደ ጉበታቸው አለፈ። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ሐኪሟ ቤታቸው ድረስ መጥተው አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። እንደነገሯቸው፣ የመጀመሪያዎቹ ሰዎች መድኃኒቱን ስለቻሉት መጠኑ ከፍ ብሏል፤ ሁለተኛው ቡድን ጀምሯል። እሳቸው ስለ ራሳቸው አንድም ነገር አልጠየቁም። «ከእኔ ቀጥላ የገባችው ልጆች አሏት?» አሉ። ሐኪሟ ማንነቷን መናገር እንደማይፈቀድላቸው ገለጹላቸው። «ይሁን፤ ይኖሯታል» ብለው ዓይናቸውን ከደኑ፤ ፊታቸው ልብስ አልቆ ሲያስረክቡ የሚመስለውን መሰለ።

ጥር 9 ቀን 2017 ዓ.ም. ባለቤታቸው፣ ልጆቻቸውና ታላቅ እህታቸው ከበዋቸው ዐረፉ። ከእነዚህ ሌላ ሁለት የልጅ ልጆችን ትተዋል።

«በሽታው አሸነፋቸው» የሚል ለቀስተኛ ካለ፣ ታላቅ እህታቸው ገና በሕይወት መኖራቸውን ይወቅ። ከፊት የሄደ ሰው መንገድ ከፈተ እንጂ ተሸነፈ አይባልም።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ መካከል ያስቀምጥልን። ያቺን ስሟ ያልተነገረንን ሴትም ለልጆቿ ያቁምልን።